የፊሽካው ክፍለ ጊዜ

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ የቶኪዮን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ መስመሩን ሲያልፍ፣ በስታዲየሙ የነበረው ሕዝብ ሯጩ ተዝለፍልፎ ሲወድቅና በሰው ተደግፎ ሲወጣ ለማየት ተዘጋጅቶ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በፊት የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ነው። እሱ ግን ወደ መካከለኛው ሣር አለፈ። በጀርባው ተጋድሞ እግሮቹን ወደ ላይ አነሣ፤ ተነሥቶ ጎንበስ ቀና አለ፤ ጡንቻውን አፍታታ። ሁለተኛው ሯጭ እስኪደርስ ከአራት ደቂቃ በላይ ስለነበረ ጊዜ አልጠበበውም።

በአገራችን ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ያንን ፊልም ሲያይ እንቅስቃሴውን ወዲያው ያውቀዋል። በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ በክንድ ርቀት ተራርቀን ስንቆም፣ መምህራችን ፊሽካውን ባንገቱ አንጠልጥሎ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» እያለ ሲቆጥር የሠራነው ነው። መነሻው ሩቅ ነው። ስዊድናዊው ፔር ሄንሪክ ሊንግ እ.ኤ.አ. በ1813 ስቶክሆልም ላይ የጂምናስቲክ ተቋም ከፍቶ የሰውነትን እንቅስቃሴ በቅደም ተከተል ማስተማር ጀመረ። ከዚያ በኋላ ይህ ሥርዓት በስዊድን ትምህርት ቤቶችና በጦር ሰፈሮች ተስፋፋ፤ ወደ ሌሎች አገሮችም ተሻገረ። የአበበ አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነንም እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ከዚያው አገር ነበር።

ይሁን እንጂ አበበን ኒስካነን ብቻ አልሠሩትም። በጃቶ፣ በደብረ ብርሃን አካባቢ፣ በልጅነቱ የገና ጨዋታ ይጫወት ነበር። የገና ሜዳ መስመር የለውም፤ አንዳንድ ጊዜ የሁለቱ ወገን ግብ ኪሎ ሜትሮች ይራራቃሉ፤ ልጁ ጠማማ ዱላውን ይዞ ሩሩን ተከትሎ ዳገትና ቁልቁለቱን ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ስለዚህ አበበ ሁለት ትምህርት ነበረው ማለት ይቻላል። አንደኛውን ማንም ሳያዘው ከእኩዮቹ ጋር ተማረው። ሁለተኛውን ደግሞ በክብር ዘበኛ በትእዛዝና በቁጥር ተቀበለው። የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ያለፉትን መቶ ዓመታት ያሳለፉት ሁለተኛውን ይዘው፣ የመጀመሪያውን ግን ከግቢው በር ውጭ ትተው ነው። ከዚያም በላይ የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር አለ። የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ከተጀመረ ጀምሮ በየዘመኑ ለሌላ ዓላማ ተጠርቷል፤ አንዴ ለወታደርነት፣ አንዴ ለሰልፍ፣ አንዴ ለሜዳሊያ። ሯጭ የማይሆነው፣ በቡድን የማይመረጠው፣ በሰልፉ መጨረሻ የሚቆመው ልጅ ግን ትምህርቱ የእሱም መሆኑን የነገረው ሰው ጥቂት ነው።

ዘመናዊ ትምህርት ከመምጣቱ በፊት ልጆቻችን ሰውነታቸውን የሚያፍታቱበት አጥተው አያውቁም። ገናው አለ፤ ትግሉ፣ ዝላዩ፣ ዱላ ውርወራው፣ የወንዝ ዋናው አለ። ለመኳንንቱ ልጆች ጉግስ ነበረ፤ ፈረሱን እየጋለቡ ዘንግ መወርወርና በጋሻ መመከት የጦር ሜዳ ልምምድ ነው። ሴቶቹ ልጆች ሰኞ ማክሰኞ ይዘላሉ። በገና ጨዋታ ቀን ጌታና ሎሌ እኩል ይሆናሉ፤ የተመታ ጌታ አይቆጣም ይባል ነበር። ይህ ለዛሬው ስፖርት አስተማሪ ትልቅ ሀብት ነው፤ ፉክክሩ የጦፈ፣ ማዕረግ የማይገባበት ሜዳ በባህላችን ውስጥ አስቀድሞ ነበረና።

የቤተ ክህነቱ ትምህርት ለሰውነት ግድ የለውም የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። የአቋቋም ተማሪ መቋሚያውን ይዞ ለሰዓታት ይቆማል፤ በጸናጽሉ ድምፅና በከበሮው ምት ጉልበቱንና ትከሻውን አስማምቶ ይወዛወዛል፤ ዝማሜውን ለመማር ዓመታት ይፈጃል። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ ከደብር ደብር በእግሩ ይጓዛል። ጽናት በዚያ ይገነባል። ነገር ግን የኔታ ፊት ጨዋታ የትምህርት አካል ሆኖ አይታወቅም፤ ተማሪው ዕረፍት ሲያገኝ የሚያደርገው ነገር ነው። ይህ አመለካከት ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሳይለወጥ ተሻግሯል፤ ዛሬም ብዙ ወላጅ ልጁ ሜዳ ላይ ሲውል ካየ «ትምህርቱን ትቶ ይጫወታል» ይላል።

የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሲከፈት የተፈለገው ቋንቋ የሚያውቅ፣ ለመንግሥት ሥራ የሚሆን ሰው ነበር። ከግብፅ የመጡት መምህራንም ዋና ሥራቸው ይኸው ነበር። ኳስ ወደ ትምህርት ቤት ሕይወት ጎልታ የገባችው በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ትውልድ ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት የከተማዋ ተማሪዎች ቦይ ስካውትነትንም እግር ኳስንም ተዋወቁ። ከነዚህ ልጆች አንዱ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ይድነቃቸው ተሰማ ነበር።

አቶ ይድነቃቸው በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ልጆች ለተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫወቱ። ከዚያ የብሔራዊ ቡድን ተጫዋች፣ አሠልጣኝ፣ የፌዴሬሽን መሪ ሆኑ። በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ በተጨማሪ ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2 ረትታ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አሠልጣኙ እሳቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1987፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መርተዋል፤ የአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ ከስፖርቱ እንድትገለል ከታገሉት መሪዎች ግንባር ቀደም ነበሩ። ይህን ሁሉ በአንድ የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ አልጭነውም። ሆኖም በትምህርት ቤት ሜዳ ዳኛን ማክበር፣ ቡድን መምራት፣ ተሸንፎ የተጋጣሚን እጅ መጨበጥ የለመደ ልጅ በኋላ በዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ ለአህጉሩ ሲከራከር ማየት ዝም ብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። የስፖርት ትምህርት ከጡንቻ አልፎ ምን ሊሰጥ እንደሚችል ለማሳየት ከእሳቸው የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

የጣሊያን ወረራ ግን ይህን የትምህርት ቤት ጅምር ሁሉ አቋረጠው። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ ወይም ለወራሪው አገልግሎት ዋሉ፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ብዙ የተማሩ ወጣቶች ተገደሉ። ከነፃነት በኋላ አገሪቱ ትምህርቱን ከሞላ ጎደል እንደገና መጀመር ነበረባት። ንጉሠ ነገሥቱ የትምህርት ሚኒስቴርን ሥራ ራሳቸው ያዙ። በ1935 ዓ.ም. የኮተቤው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ጥቂት ቆይቶ ጄኔራል ዊንጌት ተከተለ።

በእነዚህ ዓመታት ሦስት የስፖርት ትምህርት ዓይነቶች በአንድ ከተማ ተገናኙ። አንዱ የስዊድኑ ጂምናስቲክ ነው። በ1927 ዓ.ም. የተከፈተውን የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ያስተማሩት የስዊድን መኮንኖች ስለነበሩ ግንኙነቱ ከወረራው የሚቀድም ነው። ሁለተኛው ከእንግሊዝ የመጣው ነው፤ እዚያ አዳሪ ትምህርት ቤቶች እግር ኳስንና ራግቢን የጠባይ መቅረጫ አድርገው ሲጠቀሙባቸው ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። ሦስተኛው በወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር (ወወክማ) በኩል ከአሜሪካ የመጣው ነው። ቅርጫት ኳስን እ.ኤ.አ. በ1891፣ መረብ ኳስን በ1895 የፈጠሩት የዚሁ ማኅበር አስተማሪዎች ናቸው። አዲስ አበባ ላይም የወወክማ ግቢ ደርግ እስኪዘጋው ድረስ የብዙ ተማሪዎች ከትምህርት በኋላ መዋያ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 300 የሚጠጉ የሰላም ጓድ መምህራን መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተበተኑ፤ ብዙዎቹ ከሰዓት በኋላ ኳስ ይዘው ከተማሪ ጋር ሜዳ ይወጡ ነበር።

በግቢው ውስጥ ጎልቶ የወጣው ግን የመጀመሪያው፣ የስዊድኑ ጂምናስቲክ ነው፤ ምክንያቱም ርካሽ ነበር። ሃምሳ ልጅ በአንድ ፊሽካ ማሠራት ይቻላል። ኳስ አይጠይቅ፣ መረብ አይጠይቅ። ከጦር ሰፈር የመጣው «ተጠንቀቅ»፣ «አሳርፍ»፣ «በቀኝ ዙር» ከሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዓት ጋር ተዋሕዶ የትምህርት ቤት ጠዋት መልክ ሆነ። የስፖርት መምህሩም የሰልፍ አዛዥ ሆነ። በዓል ሲደርስ ተማሪው ነጭ ለብሶ በክብር እንግዶች ፊት ያልፋል፤ ሩጫ፣ ርዝመት ዝላይ፣ አሎሎ ውርወራ፣ ዱላ ቅብብል ይደረጋል፤ ያሸነፈው ዋንጫ ይቀበላል። ያ ቀን ለልጆች ትልቅ ደስታ እንደነበረ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ሲያወሩት ፊታቸው ይነግራል። ይሁን እንጂ በዓሉ ታዳሚውን ለማስደሰት የተሰናዳ ነበር። ተማሪው የሚለካው በሚያሳየው ትርኢት ነበር፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ሰውነቱ ምን ያህል እንደበረታ የሚጠይቅ አልነበረም።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማሸነፉ ሌላ ነገር አመጣ። ከዚያ ቀን በፊት የትምህርት ቤት ስፖርት ሥነ ሥርዓት ማስተማሪያ ነበር። ከዚያ በኋላ አገር የሚኮራበት ሰው የሚፈለግበት ቦታም ሆነ። ይህ ኩራት ተገቢ ነው፤ በድህነት ስሟ የሚጠራ አገር ሰንደቋን በዓለም ፊት ያየችው በእነዚህ ሯጮች ነው። ነገር ግን ከብዙ ልጆች አንዱን መፈለግና ሁሉንም ማስተማር የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ መፈለጉ ቀስ በቀስ ማስተማሩን ዋጠው።

አብዮቱ ሲመጣ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ከ50,000 በላይ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አወጣ፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሜዳ ባዶውን ቀረ። ከዚያ በኋላ የደርግ መንግሥት ስፖርትን ለብዙኃኑ የሚል መርሕ አነሣ። ቃሉ ትክክል ነበር፤ ስፖርት የጥቂቶች መሆን የለበትም። ፋብሪካው፣ ቀበሌው፣ ጦሩ ቡድን አቋቋመ፤ ወጣቶች ወደ ሶሻሊስት አገሮች ሄደው የአካል ማጎልመሻ ትምህርት ተምረው ተመለሱ፤ በየአውራጃው የሠለጠነ የስፖርት መምህር ተመደበ። ለዚህ ምስጋና ይገባል። በሌላ በኩል ግን ያው ተማሪ በአብዮት አደባባይ ለሚደረገው ሰልፍ ሳምንታት ሙሉ በፀሐይ ሲለማመድ ይውል ነበር። ሎስ አንጀለስና ሴኡል ሲመጡም ኢትዮጵያ ከኦሎምፒክ ቀረች፤ ለዓመታት የተለማመዱ ወጣቶች ድካም ለፖለቲካ ተከፈለ።

በዚያው ዘመን ከተመደቡት መምህራን መካከል ግን አንዱ ታሪክ ሠርቷል። በቆጂ አርሲ ውስጥ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች፣ ገብስና ስንዴ የሚታረስባት ብርዳም ከተማ ናት። አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ወደዚያች ከተማ የሄዱት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሆነው ነው። በልጅነታቸው የሚወዱት እግር ኳስን ነበር። ከተማዋ ያቀረበችላቸው ግን ከሩቅ መንደር በሩጫ ትምህርት ቤት የሚደርሱ ልጆች፣ ሣር ሜዳና የባሕር ዛፍ ጫካ ነበር። እሳቸውም ባገኙት ጀመሩ። ዱካቸውን እየተከታተሉ፣ በጫካው መካከል እያሯሯጡ፣ ፊሽካና የእጅ ሰዓት ይዘው ትውልድ አሳደጉ።

ደራርቱ ቱሉ ከዚያ ወጣች። በትምህርት ቤቷ በተደረገ የ400 ሜትር ሩጫ የግቢውን ምርጥ ወንድ ሯጭ መቅደሟ ይነገራል። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትር አሸንፋ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ፋጡማ ሮባ በአትላንታ ማራቶን ተከተለቻት። በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ ኢትዮጵያ ያገኘቻቸውን አራቱንም ወርቆች ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ አመጧቸው፤ እያንዳንዳቸው 5,000ውንና 10,000ውን አሸነፉ። ሁለቱም የበቆጂ አካባቢ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም በስንታየሁ እጅ አልፈዋል። አንድ የትምህርት ቤት መምህር በአንዲት የገጠር ከተማ ያደረገውን ነገር ብዙ አገሮች በሚሊዮን ዶላር ማዕከል አላደረጉትም።

ስለ በቆጂ ብዙ ተጽፏል። ከፍታው፣ ገብሱ፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት መንገድ እየተባለ ምክንያት ይደረደራል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴም በአሰላ አቅራቢያ በየቀኑ አሥር ኪሎ ሜትር ሮጦ ትምህርት ቤት ይሄድና አሥር ኪሎ ሜትር ይመለስ እንደነበር፣ ሲሮጥ የግራ ክንዱ ወደ ደረቱ የሚጠጋውም ደብተር ታቅፎ ይሮጥ ስለነበር መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ከፍታና ረጅም መንገድ በጎጃምም፣ በወሎም፣ በሰሜን ሸዋም፣ በጋሞ ደጋም አለ። በቆጂን የለየው ልጁን በስሙ የሚያውቅ፣ ዛሬ ከትናንት ምን ያህል እንደተሻለ የሚከታተል፣ ለአሠርት ዓመታት ከቦታው ያልተንቀሳቀሰ መምህር መኖሩ ነው። ይህን ስል የሌሎቹን ምክንያቶች ዋጋ ማሳነሴ አይደለም። መምህሩ ግን ከምክንያቶቹ ሁሉ በሰው እጅ ያለው፣ በሌላ ወረዳም ልንደግመው የምንችለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው «ታውን ኦፍ ራነርስ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም በቆጂን ሲያሳይ ያተኮረው በዝነኞቹ ላይ አልነበረም። ለመሮጥ የሚጓጉ ሁለት ልጃገረዶችን እየተከተለ ከከተማቸው ወጥተው ወደ ማሠልጠኛ ካምፕ ሲገቡ ምን እንደሚያጋጥማቸው አሳየን። ካየሁ በኋላ ከልቤ ያልወጣው የሽልማቱ ትዕይንት አይደለም፤ ሩጫው እንዳሰቡት ያልሆነላቸው ልጆች ጉዳይ ነው። ለእነሱ ምን አዘጋጅተናል? በአሥራ ስድስት ዓመቷ «አልተመረጥሽም» የተባለች ልጅ ስፖርት ከሕይወቷ ይወጣል ወይስ ከእሷ ጋር ይኖራል? መልሱ የሚወሰነው በትምህርት ቤት ሳለች ስፖርትን በምን መልክ እንደተማረችው ነው። የመመረጫ ፈተና ሆኖ ከተማረችው ፈተናው ሲያልቅ ያልቃል።

በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ በሁለት አሠርት ዓመታት ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ተማሪው ቁጥር ከሦስት ሚሊዮን ገደማ ተነሥቶ ከ15 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ይህ ትልቅ ስኬት ነው፤ በሌላ በኩል ሜዳውን የጨረሰውም እሱ ነው። በነበረው ግቢ ውስጥ ተጨማሪ ክፍሎች ተሠሩ፤ ትምህርቱ በፈረቃ ሆነ፤ በአንድ ክፍል ስልሳና ሰባ ልጅ ተቀመጠ። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ሰውነት ማጎልመሻ ከሙዚቃና ከሥዕል ጋር በሥነ ውበት ሥር ተጠቃለለ። ሁሉንም ትምህርት የሚያስተምረው አንድ መምህር ስለሆነ፣ ጊዜ ሲጠብበው መጀመሪያ የሚተወው ይህንን ነው።

ከሁሉ በላይ ትምህርቱን የጎዳው ግን ብሔራዊ ፈተና ነው ብዬ አምናለሁ። ሰውነት ማጎልመሻ በማጠቃለያ ፈተናው ውስጥ የለም። ያልተፈተነ ነገር በርእሰ መምህሩም፣ በወላጁም፣ በተማሪውም ዘንድ ቦታ ያጣል። ፈተናው ሲቃረብ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ለሒሳብና ለፊዚክስ ማካካሻ ይሰጣል። የስፖርት መምህሩ ደግሞ ዘግይቶ የመጣን ተማሪ በር ላይ ያስቆማል፣ ሰልፍ ያስተካክላል፣ የቀረ መምህር ሲኖር ክፍል ይጠብቃል። ዋና ሥራው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ክፍለ ጊዜ ናት፤ እሷም ዝናብ ከመጣ፣ ሜዳው ለስብሰባ ከተፈለገ፣ ኳሱ ከተቀደደ የለችም።

ያን ጊዜ መምህሩ ወደ ክፍል ይገባና ጠመኔ ያነሣል። ብዙዎቻችን የመረብ ኳስ ሜዳ 18 ሜትር በ9 ሜትር መሆኑን፣ የመረቡ ከፍታ ለወንዶች 2.43፣ ለሴቶች 2.24 ሜትር መሆኑን በቃላችን አጥንተን ተፈትነን አልፈናል። ከመካከላችን መረብ ተወጥሮ ያየው ጥቂቱ ነው። ኳሷን በጣቶቹ ጫፍ ተቀብሎ ለጓደኛው ማቀበልን ያልሞከረ ልጅ የሜዳውን ስፋት ማወቁ ምን ይጠቅመዋል? መምህሩን አልወቅስም። ሰባ ልጅና አንድ ኳስ የተሰጠው ሰው ከጠመኔው ሌላ ምርጫ ብዙ የለውም። የምወቅሰው ይህን ሁኔታ እንደ ተራ ነገር የተቀበልነውን ሁላችንን ነው።

የሴቶቹ ነገር የበለጠ ያሳስበኛል። እቴጌ መነን ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1931 ሲከፈት ሴት ልጅ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ መዋሏ ራሱ ለብዙ ሰው እንግዳ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከደራርቱ እስከ ጥሩነሽ፣ ከመሠረት ደፋር እስከ ለተሰንበት ግደይ፣ የዓለምን ሩጫ የመሩ ኢትዮጵያውያት ተከታትለው መጥተዋል። በተራው ትምህርት ቤት ግን በስፖርት ክፍለ ጊዜ ጥግ ላይ ቆመው ቦርሳ የሚጠብቁት አሁንም ሴቶች ናቸው። ምክንያቱ ስንፍና ወይም ፍርሃት ተብሎ ሲነገር ያመኛል። ልብስ የሚቀየርበት ክፍል የለም። ውኃ የለም። በወር አበባዋ ቀናት ቀሚስ ለብሳ «ሩጪ» የምትባል ልጅ «አሞኛል» ከማለት ሌላ መውጫ አልተተወላትም። ቤት ስትገባ ውኃ መቅዳትና እንጀራ መጋገር ስለሚጠብቃት ከትምህርት በኋላ የሚደረገው የክፍል ለክፍል ግጥሚያም የወንድሞቿ ብቻ ነው። አንድ የሚዘጋ ክፍል፣ አንድ በርሜል ውኃና ለሴቶች ብቻ የተለየ የኳስ ሰዓት ብዙውን ይለውጠው ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ አንድ ትምህርት ቤት ለምርቃት በዓል ድንኳንና ድምፅ ማጉያ ከሚያወጣው አይበልጥም።

በከተሞች ደግሞ ሜዳው ራሱ እየጠፋ ነው። የሰፈር ልጆች የካልሲ ኳስ የሚያንከባልሉበት ባዶ ቦታ ሕንፃ በቅሎበታል። ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች በመኖሪያ ቪላ ውስጥ ስለተከፈቱ የጨዋታ ቦታቸው የመኪና ማቆሚያ የሚያህል ሲሚንቶ ነው። ልጁ በሰርቪስ መኪና ይመጣል፣ ቁጭ ብሎ ይማራል፣ በሰርቪስ ይመለሳል፣ ማታ ቴሌቪዥንና ስልክ ላይ ይቀመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ልብን የሚያስመታ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል ይላል። የኃይሌ ትውልድ ይህን መጠን የሚያገኘው ገና ደወሉ ሳይደወል ነበር። ለዛሬው የከተማ ልጅ ከትምህርት ቤት በቀር የሚሰጠው የለም፤ በገጠርም ትምህርት ቤቱ ሲቀርብ፣ ባጃጁ ሲበዛ መንገዱ ያጥራል። መንገዱ ሲያስተምር የነበረውን አሁን ግቢው ማስተማር አለበት።

በቅርቡ በተለወጠው ሥርዓተ ትምህርት ትምህርቱ «ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ» ተብሏል፤ ሙዚቃና ሥዕልም ለብቻቸው ወጥተዋል። እኔ በዚህ ተስፋ አደርጋለሁ። ጤና በስሙ ውስጥ መግባቱ ትምህርቱ ሯጭ ለማይሆነውም ልጅ መሆኑን በይፋ ያስቀምጣል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በ41ኛው አንቀጹ ስፖርትን ለማስፋፋት አስተዋጽኦ ማድረግን የመንግሥት ኃላፊነት አድርጎታል። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ ያወጣው ቻርተር ደግሞ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ማግኘትን የእያንዳንዱ ሰው መሠረታዊ መብት ይለዋል። መብት ከሆነ አንድ ርእሰ መምህር እንደ ትርፍ ሰዓት ቆጥሮ ለሌላ ትምህርት ሊያውሰው አይገባም።

ሥራውን ለመጀመር ስታዲየም መጠበቅ አያስፈልግም። ገና ሜዳ አይመርጥም፤ ዱላውን ተማሪው ራሱ ይቆርጠዋል፣ ሩሩንም ራሱ ያበጀዋል። ሰኞ ማክሰኞ የሚፈልገው ጠመኔና ጠጠር ነው። ለገመድ ዝላይ ገመድ ይበቃል። ሰባ ልጆችን በአንድ ኳስ ዙሪያ ከመሰብሰብ በአምስት ቡድን ከፍሎ አንዱን በገመድ፣ አንዱን በዱላ ቅብብል፣ አንዱን በትግል፣ አንዱን በርዝመት ዝላይ፣ አንዱን በኳስ ማሠማራትና በየአምስት ደቂቃው በፊሽካ ማዘዋወር ይቻላል። ይህን የሚያደርጉ መምህራን አሉ፤ ከሰጧቸው ሰዓት በላይ የሚሠሩ፣ ከኪሳቸው ኳስ የሚገዙ።

ነጥቡም በዚሁ መንገድ ሊሰጥ ይችላል። በመስከረም እያንዳንዱ ልጅ በግቢው ዙሪያ 600 ሜትር ይሮጣል፤ ሰዓቱ በስሙ አጠገብ ይጻፋል። በጥር ይደገማል፤ በሰኔ ይደገማል። ማርኩ የሚሰላው አንደኛ በወጣው ልጅ ሰዓት አይደለም፤ ልጁ መስከረም ላይ ከነበረበት ምን ያህል እንደተራመደ በማየት ነው። በዚህ ስሌት በመስከረም ግማሹን በእርምጃ የጨረሰች፣ በሰኔ ግን ሳትቆም የሮጠች ልጅ ከክፍሉ ፈጣን ወንድ እኩል ወይም ከሱ በላይ ልታገኝ ትችላለች። ፈጣኑም ልጅ አይጎዳም፤ የእሱ ሰዓት መዝገቡ ላይ አለ፤ ከወረዳ የሚመጣው አሠልጣኝ ገልጦ ያየዋል። ለሁሉም የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ አንድ የእጅ ሰዓትና ክፍለ ጊዜው እንደማይነጠቅ የተማመነ መምህር ነው።